የተዘጋ ዣንጥላ

ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ሳኦ ቤንቶ ጣቢያ፣
ሠላሳ ሁለት ልጅ፣ የእንቅልፍ ገበያ፤
ሌሊቱን ባውቶቡስ ተናውጠው የመጡ፣
አንገታቸውን ደፍተው ሻንጣ ላይ የተቀመጡ።
"እኔ ኢዳሊና፣ ዛሬ መሪያችሁ ነኝ፤
ይህን ቢጫ ዣንጥላ እያያችሁ ተከተሉኝ።"

ዣንጥላዬ አርጅቷል፤ ማሰሪያው ተበጥሷል፤
ነፋስ በነካው ቁጥር እንደ ክንፍ ይርገበገባል።
ዝናብ ሲመጣ እንኳ ልከፍተው አልችልም፤
ከመቶ ክፍት ጥላ አንዱ ብሆን ማንም አያገኘኝም።
ሥራዬ እንግዲህ ይኸው ነው፦ ጥላ ይዞ መበስበስ፣
ሰው እንዳይጠፋ ብሎ ራስን ማራስ።

ግድግዳውን አሳየሁ፤ ሰማያዊ ሸክላ፣
ሃያ ሺህ ገደማ፣ እርስ በርሱ ሳይጣላ።
አንዷ እጇን አወጣች። ደስ አለኝ፣ ጥያቄ!
"መጸዳጃው የት ነው?"
"በስተቀኝ ነው" አልኳት፣ ሳቄን በጥርሴ ጠብቄ።

ከክሌሪጎስ ማማ ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ፤
ጉልበቴ ከከዳኝ ቆየ፣ የላዩን በቃሌ አውቃለሁ፦
ቀይ ጣሪያ፣ ወንዙ፣ የወይን መጋዘን ከማዶ፣
ባሕሩ በስተምዕራብ፣ በጭጋግ ተጋርዶ።
ራዶቫን ሲወርድ የወይኑን ዋጋ ይጠይቃል፣
መምህርት ቦዤና ትቆጣለች፤ ሌላው ይስቃል።

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ቀልድ ቀለድኩ፣
ካንዱ ሐውልት ሥር ያንኑ ትንፋሽ ወሰድኩ፤
አንዳንዴ አፌ ሲያወራ እኔ ገበያ ወርጄ
የእራቴን ዓሣ መርጬ እመለሳለሁ ሄጄ።

ድልድዩ ላይ ደረስን። ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።
ሠላሳ አንድ። እንደገና ከኋላ ጀመርኩ።
ሠላሳ አንድ።
የቦዤና ፊት ከሸክላው ይልቅ ነጣ፤
"ታዴአሽ የለም! ዝምተኛው፣ ባለ አረንጓዴ ሻንጣ!"

ተመለስኩ በሪቤይራ፣ በዚያ ጠባብ መንገድ፣
ባንዲራዬ ምርኩዝ ሆኖ፣ ጉልበቴን ጎትቼ በግድ።
በየበሩ የቁልፍ ሣጥን፣ ቁጥር የሚጫኑበት፣
ሁሉም የእንግዳ ማደሪያ፣ ባለቤቱ የማይተኛበት።

አገኘሁት ታዴአሽን፣ ሽቅብ አንጋጦ፣
በገመድ የወረደ ቅርጫት በሁለት እጁ ጨብጦ።
አሮጊት ልብስ ስታሰጣ ያመለጣትን መቆንጠጫ
ይለቅማል ከደረጃው ሥር፣ ከአሸንዳው መውጫ።
እሷ በፖርቱጋልኛ፣ እሱ በስሎቫክኛ ያወራል፤
ቅርጫቱ ይወጣል፣ ዳቦ ይዞ ይወርዳል፣ ያስተረጉማል።

ያንን መስኮት አውቀዋለሁ። በየቀኑ እጠቁመዋለሁ፤
"ይኸው የድሮው ፖርቶ! ፎቶ አንሱ" እላለሁ።
አሮጊቷ ቢጫዬን አይታ ሳቀች፤
"አንቺ ባለ ዣንጥላ!" ብላ ጠራች፤
"ሃያ ዓመት በደጄ በጣትሽ ያሳየሽኝ፣
አንድ ቀን 'ማን ልበል?' ብለሽ መች ጠየቅሽኝ?"

ስንት ዓመተ ምሕረት በቃሌ የያዝኩ ሴት
ለአንድ ስም አፌ ተሳስሮ ቆምኩ እንደ ሐውልት።
"ማን ልበል?" አልኩ ቆይቼ።
"ኤርሜሊንዳ። በይ አሁን ልጁን ውሰጂው፤
ታች የምትጣራ ሴት አለች። ዳቦውን ግን እንዳትነጥቂው።"

ስንወርድ ጠየቅሁት፦ "ለምን ቀረህ ከሰው?"
"መቆንጠጫ ወደቀ" አለ። "ማንም አላነሳው።"

ድልድዩ ላይ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ሁለት ሞላ።
ሰው ጠፍቶብኝ አያውቅም ስትል የኖረች ባለ ጥላ፣
ሃያ አንድ ዓመት አለፈች፣ ደጃፍ ላይ ሰው ጥላ።

ማታ አውቶቡሱ ሊነሳ ካፊያው ጀመረ፤
ታዴአሽ ወረደና ኪሱን በረበረ፤
አንድ የእንጨት መቆንጠጫ፣ ሳይልክላት የቀረ።
"ስጪልኝ" ብሎኝ ገባ፤ በሩ ተዘጋ።
ጥላዬን ጠቀለልኩት፣ ነፋሱ እንዳይዘረጋ
በሷው ቆነጠጥኩት፣ እስኪነጋ።

ነገ ዐርባ አንድ ሰው አለኝ፣ ከሊዮን።
ከዚያ በፊት ግን አንድ።